የሩታ ድስት

የካቲት 25 ቀን 2001

ረቡዕ። የሚዛን ቀን። ጤና ጣቢያው ግጥም ብሎ ሞልቷል። ስለ ሕፃናት ምግብ አስተማርኩ፤ ዛሬ እንቁላል ነበር። ጥሩ አድርጌ ነው ያስተማርኩት... ለራሴ ምን ያዋሸኛል? ስምንት ዓመት የሠራሁበት ነው።

የሙሉጌጥ ልጅ ሩታ ግን ቀንሳለች። ገና የዓመት ከሁለት ወር ልጅ! ከሰባት ተኩል ወደ ሰባት ኪሎ ከሁለት።

«እንቁላል ትሰጫታለሽ?»

«አዎ፣ በየቀኑ።»

መሬት መሬት እያየች።

መጋቢት 2

ሰባት ኪሎ ከአንድ! ደሜ ፈላ። «አትዋሺኝ!» አልኳት፣ ሰው ፊት። አለቀሰች። በሚቀጥለው ረቡዕ ካልጨመረች ሆስፒታል ትተኛለች።

ነርስ ሕዝቅያስ ጠጋ አለኝ። «ሁዳዴ አይደለም እንዴ? እኛ ጴንጤዎች አናውቅበትም... ለመሆኑ እናንተ ቤት በጾም እንቁላሉ በምን ይጠበሳል?»

ኤጭ! ጿሚ እኮ ነኝ። የጾም ድስቴን የፍስክ ነገር እንዲነካብኝ አልፈልግም። ታዲያ ስንት ዓመት ሳስተምር ይሄ እንዴት አልታየኝም?

መጋቢት 3

ባህል አዳራሽ ሰፈር፣ ሙሉጌጥ ቤት ሄድኩ። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅኋት። ወጥ ቤቱን የያዙት አማቷ እማማ ገበያነሽ ናቸው። ያላቸው አንድ ድስት፣ እሱም ጾም ከገባ የሽሮ ብቻ።

«ልጅቷንማ ማን ጹሚ አላት?» አሉኝ። «ዕቃዬ እንዳይነካ ነው እንጂ!»

ትንሽዬ አዲስ ድስት ገዝቼ ነበር የሄድኩት። «ይቺ የሩታ ብቻ ናት፣ እማማ። ከእርስዎ ዕቃ ጋር አትገናኝም፤ የምትታጠበውም ውጭ ቧንቧው ጋ ነው።»

አገላብጠው አዩዋት።

«ማንኪያውስ?»

ማንኪያ... ረስቻለሁ! የባለሙያ ያለህ! አፈርኩ።

«ተይው፣ እሱን እኔ እገዛለሁ» አሉ። በደስታ ላቅፋቸው ምንም አልቀረኝ።

መጋቢት 9

ሰባት ከሦስት! ሆስፒታሉ ቀረ። ሙሉጌጥ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ሕዝቅያስ ምሳ ጋብዢኝ ይላል፣ ይገባዋል።

መጋቢት 16

ሩታን አዝለው የመጡት እማማ ገበያነሽ ራሳቸው ናቸው። ሰባት ተኩል ሞልታለች። እኔ ፖስተሬን ሰቅዬ ማስተማር ስጀምር ከኋላ አንዷ እናት «አማቴ ዕቃዋን አታስነካኝም» አለች። ልመልስ አፌን ስከፍት እማማ ብድግ አሉ።

«አንቺ ቁጭ በይ» አሉኝ። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞረው፣ «አማትሽ ሰፈሯ የት ነው? እኔ አነጋግራታለሁ።»

ስምንት ዓመት ቆሜ ያስተማርኩበት ክፍል... ዛሬ ከእናቶቹ ጋር አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ ተማርኩ።