ዳፍንት የተባለው ዓይኔና የሁዳዴ ጉበት

ካርቱም፣ መጋቢት ፲፪ ቀን ፳፻፰ ዓ.ም.

ሲመሽ አላይም። ባለፈው ከሱቅ ዐረቢ ገበያ ወደ ሰፈሬ ጀብራ የሚሄድ መስሎኝ የካፉሪን ሃፍላ፣ አውቶቡሱን፣ ተሳፍሬ ወንዙን ተሻገርኩ። ልጄ አስካለ «ዳፍንት ነው አባዬ፣ ጉበት ብላ» ብላ ነዘነዘችኝ። በሁዳዴ! የነፍስ አባቴ «ለመድኃኒት ከሆነ ይፈቀዳል» ቢሉኝ እያፈርኩ በላሁ።

ዛሬ ሐኪሙ ዓይኔን አይቶ ሳቀ። እንደ እስላም ሽማግሌ «ያ ሐጅ» ይለኛል፣ ማተቤን እያየ! «የምግብ ጉድለት አይደለም፤ ሞራ ነው። በጉበት አይጠራም፣ በቀዶ ጥገና እንጂ።»

ቀዶ ጥገናውን እግዜር ያውቃል። ቤት ስገባ አስካለ ጉበቱን በሽንኩርት ጠብሳ ጠበቀችኝ። ሐኪሙ ያለውን ነገርኳት።

«ታዲያ ይጣል እንዴ አባዬ?»

የተፈቀደልኝ መድኃኒት ነበር። አሁን ሥጋ ብቻ ነው። «አንሺልኝ!» ብዬ ጮኽኩባት። እስካሁን አላነሳችውም። እኔም ደግሜ አልነገርኳት።