ዳር ዳር አትበዪኝ

ውድ ልጄ ሰገነት፣

በጥር ጊዮርጊስ ሰባ ስምንት ዓመቴን ደፈንሁ። ሽሮዬን ራሴ እሠራለሁ፤ ሲያርብኝም ማንንም ሳላማ እበላዋለሁ። ሸሚዜን አጥባለሁ፣ እንጨት እፈልጣለሁ፣ ከሰፈራችን ከፋሲሎ እስከ ሐይቁ በእግሬ ወርጄ በእግሬ እመለሳለሁ። ታንኳ ላይ ስወጣ የሚደግፈኝ አልፈልግም፤ የተሠራበት ደንገል ያውቀኛል። መርፌ ውስጥ ክር መሰካት ብቻ እምቢ ብሎኛል። እሱም ቢሆን የመርፌው ቀዳዳ ጠቦ እንጂ ዓይኔ ደክሞ አይደለም።

ይህን ሁሉ መደርደሬ ክንዱ የነገረሽን ስለ ሰማሁ ነው። ተከራያችን ክንዱ፣ ያ ኮሌጅ የሚያስተምረው፣ «አባባ ወድቀዋል» ብሎ ደወለልሽ አሉ። ክንዱ ስለ ክንዴ ምን አገባው? ወድቄያለሁ፣ አልዋሽም። ከታንኳ ስወርድ ድንጋይ አዳለጠኝ። ወጌሻ ክንዴን አሸኝ፣ ዳነ። ይኸው የምጽፍልሽ በዚያው እጄ ነው። ፊደሉ ቢንጋደድ ዱሮም እንዲሁ ነበር።

አንቺ ግን ወዲያው «ማስተማሩን ትቼ ለፋሲካ ጠቅልዬ እመጣለሁ፤ አገሩም ሰልችቶኛል» ብለሽ ላክሽ። ሰገነት፣ ዳር ዳር አትበዪኝ። አገር የሰለቸው ሰው ተማሪዎቹን በየስማቸው እየጠራ ስልክ ላይ ሲያወራ ያመሻል? ያቺ «ፖ» በዪ ስትባል «ቦ» የምትለው የሶርያ ልጅ ምን ሆነች? የስደተኞቹ ልጆች የእንግሊዝኛ ፈተና በሰኔ ነው ብለሽኛል። ያንቺም ዓረብኛ ገና መንገድ ላይ ነው። ታንኳ መሐል ሐይቅ ላይ ከቆመ ውሃ እየጠጣ እንደሚከብድ ላንቺ አልነግርም፤ የጀልባ ነጂ ልጅ ነሽ።

ስትሄጂ ሰፈሩ ያለውን አልረሳሁትም። ዓረብ አገር የሄደች ሁሉ ሰው ቤት የገባች ይመስላቸዋል። ሥራ ነውር የለውም፤ ያንቺ ግን ሌላ ነውና ዮርዳኖስ አገር በበጎ ፈቃድ እንግሊዝኛ ታስተምራለች አልሁ። ጎረቤታችን ወይዘሮ እናትዓለም በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

«ስንት ይከፍሏታል?»

«ምንም።»

«በነፃ? ለዓረብ?»

«በነፃ።»

«ኧረ ጋሽ ተክሌ፣ ዓረቦቹ ልጅዎ ላይ አስደግመውባታል!»

«እኔን ደቅ ደሴት ላይ የኔታ መርስዔ ኀዘን ሀሁ ሲያስቆጥሩኝ ማን ከፈላቸው?» ብዬ መለስሁላት። የኔታ ሦስቱን ሀ በአለንጋ ነው ያስለዩኝ፤ ሃሌታው፣ ሐመሩ፣ ብዙኃኑ። ድምፃቸው አንድ ከሆነ ለምን ሦስት ሆኑ እያልሁ አረጀሁ። መልሱን ያመጣሽልኝ አንቺ ነሽ፤ ዓረቦቹ ዘንድ ሦስቱም ለየራሳቸው ድምፅ አላቸው አልሽኝ። ያን ቀን ባሕሩን የተሻገርሽው እኔን ይዘሽ መሰለኝ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ስልክሽን የማላነሣው ታምሜ አይደለም፤ ተቆጥቼ ነበር። ቤቷን ያከራየችሽ አሮጊት፣ ኡም ሳሊም፣ ስልኩን ከእጅሽ ተቀብላ ያነጋገረችኝ ጊዜ ነው ነገሩ። ከየት ነህ ያለችኝ መሰለኝና «ባሕር ዳር» አልሁ። «ዳር! ዳር!» ብላ ሳቀች። ቀጥላ «አዳር ዳራክ፣ አዳር ዳራክ» ትለኝ ጀመር። እኔ ምን ልስማ? አዳር ሰማሁ። ዳርክ ሰማሁ። ልጄን እኔ ሳላውቅ የዳርኋት መሰለኝ! ያን ሳሊም የሚሉትን ልጇን ይዛ፣ ሽማግሌ ሳትልክ፣ በስልክ ዳር ዳር የምትል መሰለኝ። «ፊት ለፊት ተናገሪ! የምን አዳር ነው?» ብዬ ጮኽሁና ዘጋሁት። ከዚያ ወዲያ ስትደውዪ ስልኩ ይጩኽ ብዬ ተውሁት።

በቀደም ገበያ ሐጂ ኑሩን አገኘሁት፤ ያን የዘጌ ቡና በጀልባዬ ያመላልስ የነበረውን። መካ ደርሶ የመጣ ሰው ነውና ጉዴን ነገርሁት።

«እስቲ ድገማት» አለኝ።

«አዳር ዳራክ።»

ከሳቁ ብዛት ጥምጥሙ ተፈታ። «አንተ ሞኝ! ቤቴ ቤትህ ነው ብላሃለች እኮ። ዳር በዓረብኛ ቤት ማለት ነው።»

«ባሕር ዳርስ?»

«ለእሷ ጆሮ የባሕር ቤት ነዋ! አሣ መስለሃት ይሆናል የሳቀችው።»

ስመለስ ሐይቁ አጠገብ ቆምሁ። እናትሽ ፅጌ ማርያም፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ስትሞት «ልጄን ዳር አድርስልኝ» ብላኝ ነበር። እኔ ዳር ማድረስ መዳር ብቻ መስሎኝ ባል ስፈልግልሽ ከረምሁ፤ አንቺም ስትሸሺኝ ከረምሽ። ለካ ደርሰሻል። ዘመድ በሌለሽ አገር አንዲት አሮጊት ቤቴ ቤታችሁ ነው እስክትል ድረስ ተወደሻል። ከዚህ ወዲያ ምን ዳር አለ?

ስለዚህ አትምጪ። ቤቱ ጭር አይልም አልልሽም፤ ይላል። ጭር ያለ ቤት ግን ሰው አይገድልም። ልጆቹን አስፈትኚ፣ ዓረብኛሽን ጨርሺ፣ ከዚያ ስትወጂ ነይ። ለእኔ ብለሽ ከመጣሽ ግን በሩን አልከፍትልሽም፤ ታውቂኛለሽ።

ደብዳቤውን ክንዱ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል። ማንበቡ አይቀርም፤ ያንብብ።

ዕዳ አለብኝ፤ የምከፍለውም እኔው ነኝ። ስትሄጂ ለናርጋ ሥላሴ ጥላ ተስዬ ነበር፤ ራሴ ተሸክሜ እሻገራለሁ። እዚያው ደቅ ላይ የኔታ መቃብር ዘንድ ሄጄ የሦስቱን ሀ ምሥጢር እነግራቸዋለሁ፤ ሳያውቁት ነው ያረፉት። ክንዱን ደወልህ ብዬ ሰድቤዋለሁ፤ አንድ ደህና ቀረሶ አሣ ጠብሼ አወራርዳለሁ። ሐጂ ኑሩ ሞኝ ብሎኛል፤ ያም ይመለስለታል። ለኡም ሳሊም ያለብኝ ይብሳል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስትደውዪ አነሣለሁ፤ ስልኩን ስጫትና ዝም በዪ፣ አታስተርጉሚልኝ። ለሴት ሲሆን «ዳሪክ» ነው ብሎ ሐጂ ኑሩ አስጠንቶኛል። «አዳር ዳሪክ» ብዬ ራሴ እመልስላታለሁ።

አባትሽ ተክለ ጊዮርጊስ
ከባሕር ቤት