ከየገጹ ግርጌ የጠፋው መስመር

አንተ ጎረምሳ፣

ስትወጣ መስኮቱን ዝጋ።

ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ለፈተና የምትጫወተውን የፒያኖ ድርሰት እኔ በሃያ ዓመቴ ዓይኔን ጨፍኜ ተጫውቼው ደራሲው ራሱ እጄን ስሟል።

መጽሐፌን እንዳታቆሽሽብኝ ብዬ ፎቶ ኮፒ ሳነሳልህ ወረቀቱ ትንሽ ሸርተት ብሎ ነበር። በየገጹ ግርጌ ያለው የግራ እጅ መስመር ተቆርጦ ቀርቷል። አንተ ግን ለእህትህ፣ «እዚህ ጋ ግራ እጅ ዝም ማለቱ እንዴት ያምራል!» ስትላት ክፍሎቻችንን በሚለየው ግድግዳ በኩል ሰምቼ ትራሴን ነክሼ ሳቅሁ። ዘመናዊ ሙዚቃ ስለሆነ እስካሁን ማንም አልነቃብህም። ፈታኞቹ ግን ይነቃሉ።

በመጀመሪያው ሳምንት ልነግርህ በርህ ድረስ መጥቼ ነበር። «የሽማግሌው ጣት እኮ ዝጓል» ስትላት ሰማሁና ተመለስኩ። ይኸው ሁለት ወር ሆነኝ።

መጽሐፉ ፒያኖው ላይ ነው። ብታቆሽሸውም ግዴለም።

ያልተለማመድከውን ሙሉውን ወይ የተለማመድከውን ጎዶሎውን፣ ምረጥ።

ገጽ እንዳገላብጥልህ ለምነኸኝ የለ? ቀድሜህ ሄጃለሁ። የትኛውንም ብታመጣ አገላብጥልሃለሁ፤ ከዚያ ወንበር ላይ ፊትህ ከሁሉም ሰው ይልቅ ለእኔ ይታየኛል።