የጉኑኖዋ ትልቅ ተበዳሪ

ጥቅምት 8፣ 2004

በታላቅ ሐዘን ይገለጻል፦ ዛሬ ከጠዋቱ 3፡20 ላይ የኮምፒውተሬ የሰባት ቁጥር ቁልፍ በገዛ ፈቃዱ ሥራውን ለቋል። ምክንያት አላቀረበም። ግምገማ ላይ ተጠርቶም አያውቅም። የቀብር ሥነ ሥርዓቱ በመሳቢያዬ ውስጥ ተፈጽሟል።

ሌላ ዜና... ከአዲስ አበባ አዲስ ፎርም መጣ። አገር ውስጥ ያለ ማይክሮፋይናንስ ሁሉ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በአንድ ዓይነት ፎርም ሪፖርት ያድርግ ተብሏል። አሥራ አራት ገጽ፣ ሳጥን በሳጥን። ዐምድ መጨመር ክልክል። መቀነስም ክልክል።

አቶ ደገፉ፣ የሥራ ሂደት ባለቤታችን፣ ጠሩኝ። (ሂደቱን ማን እንደሸጠላቸው እስካሁን አልታወቀም።)

«አንጁሎ፣ የእኛን መዝገብ ከእነሱ ፎርም ጋር ታጋባለህ።»

ሽማግሌ ሆንኩ ማለት ነው። ችግሩ ሙሽሮቹ አይተዋወቁም። የእኛ መዝገብ የሚያውቀው ቡድን ነው፤ አምስት ሴቶች ተያይዘው ይበደራሉ፣ አንዷ ብትወድቅ አራቱ ያነሷታል። ፎርሙ የሚያውቀው ነጠላ ሰው ብቻ። ሰውንም የሚለየው በቀበሌ መታወቂያ ቁጥሩ ነው። አንድ ቁጥር፣ አንድ ሰው። ቁጥር የሌለው... ገና አልተወለደም።

ጥቅምት 15

ባዶ ሳጥን ያለበት ገጽ ቀይ ይሆናል። ቀይ ገጽ አይላክም። ቦዲቲ ቅርንጫፍ አረንጓዴ። ሁምቦ አረንጓዴ። ጉኑኖ ደም ለብሷል፤ ስልሳ ቀይ ሳጥን!

የጉኑኖ ቅርንጫፍ መዝጋቢ ፀዳለ ደወለች።

«ጋሼ፣ ሴቶቹ መታወቂያ አውጥተው አያውቁም። ቀበሌ ስንሄድ ሊቀመንበሩ ስብሰባ ናቸው ይሉናል።»

«መቼ ይመለሳሉ?»

«ከየትኛው ስብሰባ?»

ግልጽና የማያሻማ መመሪያ ሰጥቼ ስልኩን ዘጋሁ።

ጥቅምት 18

ሁሉም አረንጓዴ! ተላከ። አቶ ደገፉ በስብሰባ ላይ ስሜን ከነአባቴ ጠሩ። «ሞዴል ሠራተኛ» አሉኝ። ራሴን ሁለት ሳምቡሳ ጋበዝኩ። ግብዣውን በሙሉ ድምፅ አጸደቅኩ።

ኅዳር 9

ከአዲስ አበባ ስልክ። ተቆጣጣሪው ነው። ለስላሳ ድምፅ... ለስላሳ ድምፅ ያለው ተቆጣጣሪ ያስፈራል።

«ወይዘሮ አሳየሽ ማን ናቸው?»

«የትኛዋ አሳየሽ?»

«የተቋማችሁ ትልቋ ተበዳሪ።»

ፈለግኩ። አገኘኋት። ጉኑኖ፣ ቅቤ ነጋዴ፣ ስልሳ አንድ ብድር፣ መቶ ሃምሳ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ብር። ለአንድ ሰው የተፈቀደውን ጣሪያ ቀድዳ ሰማይ ላይ ወጥታለች። ሶዶ ላይ ፎቅ የሚሠራው ነጋዴ እንኳ ከእኛ ይህን ያህል አልወሰደም።

በስልሳ አንዱም ብድር ላይ ስሙ ይለያያል፤ የተጻፈው መታወቂያ ቁጥር ግን አንድ ነው። የእሷ። መዝገቡን ወደ ፎርሙ የሚያሻግረው ኮምፒውተሬ ደግሞ አንድ ዓይነት ቁጥር ካየ አንድ ሰው ነው ብሎ ይደምራል። እንዲህ እንዲደምር ያሰናዳው... ማን ነበር?

«የቀሩት ስልሳ ሰዎች በሕይወት አሉ? ወይስ ወረቀት ላይ ብቻ?» አለ ድምፁ።



ኅዳር 11

የአቶ ደገፉ ፊት ገጹን መሰለ። ቀይ።

«ማነው ይሄን የሞላው?»

«ጉኑኖ ነው የተሞላው» አልኩ።

ውሸት አይደለም።

የጉኑኖ አዲስ ብድር ታገደ። ፀዳለ በሐሰተኛ ሰነድ ልትባረር ነው፤ ነገሩ ወደ ፖሊስም ሊሄድ ይችላል። የስንብት ደብዳቤውን እንዳረቅቅ ታዘዝኩ። ጽሑፍ ያምርልኛላ!

ኅዳር 14

ጉኑኖ ሄድኩ። የውሎ አበል ቅጼ ላይ «ለማጣራት» ይላል። ምን ለማጣራት እንደሆነ እኔም ቅጹም አልተጠየቅንም።

አሳየሽ ቢሮው ውስጥ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ቀጭን፣ ነጠላዋ ቅቤ ቅቤ የሚል ሴት። ትልቋ ተበዳሪያችን!

«ሳሮ» ብዬ በወላይትኛ ሰላም አልኳት።

«ምን ሳሮ አለ? ባሌ ‹ብሩን የት ቀበርሽው› ብሎ የጎዳሬ ማሳውን እየቆፈረ ነው።»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

«እህቴ፣ ቁጥርሽን ለምን ሰጠሻቸው?»

«ጎረቤት ድስት ሲጠይቅ እምቢ ይባላል እንዴ? ከሁሉ መታወቂያ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። ኦቶና ሆስፒታል ለመታከም ስሄድ ያወጣሁት ነው። ቁጥር ነው የተዋሱኝ፣ ብር አይደለም። የየራሳቸውን እየከፈሉ ነው። ውጪ ናቸው፣ ጠይቃቸው።»

ወጣሁ። የሉም የተባሉት ሴቶች ፀሐይ ላይ ቆመው አዩኝ። ልቆጥር ጀመርኩ። አርባ ላይ ስደርስ አፍሬ ተውኩት።

ስመለስ ፀዳለ ደብተሯን ገልጣ አነበበችልኝ።

«ጥቅምት 15። ‹ባዶ አትተዪ። ያለውን ቁጥር ሙዪበት። አረንጓዴ ይሁን እንጂ የማንም ይሁን።› እንዲህ ነው ያሉኝ ጋሼ።»

የእኔ ቃል ነው። አራት ነጥቡ ሳይቀር።

«ለአቶ ደገፉ ነግረሻቸዋል?»

«አልነገርኩም። እርስዎ ይናገራሉ ብዬ።»

ምነው ብትሰድበኝ...

ኅዳር 16

አልተናገርኩም። ደብዳቤው ሁለት ነጠላ ሰረዝ ጎድሎት ነበር፤ ጨመርኩለት።

ኅዳር 19

ግምገማ። አቶ ደገፉ ደብዳቤውን ማንበብ ጀመሩ። «ሠራተኛዋ ሆን ብላ፣ በዕቅድና በዝግጅት...» የእኔ ዐረፍተ ነገር። ምን ያደርጋል፣ ጥሩ ዐረፍተ ነገር ነበር። ፀዳለ ኋላ ወንበር ላይ ጫማዋን ታያለች። ደብተሩ ጭኗ ላይ ነው። አልከፈተችውም። አሁን ትከፍተዋለች ብዬ ጠበቅኩ... አልከፈተችውም።

ተነሳሁ። ጉልበቴ ሳያማክረኝ።

«ሂስ አለኝ።»

«በማን ላይ?»

«በራሴ።»

አዳራሹ ነቃ። እኛ ጋ ግለ ሂስ ማለት «ሥራ ስለማበዛ ቤተሰቤን እበድላለሁ» ማለት ነው። ሌላ ዓይነት ሰምተን አናውቅም።

«ያለውን ቁጥር ሙዪ ያልኳት እኔ ነኝ። በቁጥር እንዲደምር ያዘጋጀሁትም እኔ። ሴቶቹ አሉ። በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። ደብዳቤውን የጻፍኩትም... እኔ ነኝ።»

አንዱ ሳለ። አቶ ደገፉ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሞዴል ሠራተኛ ብዬህ ነበር እኮ» አሉ፣ ቀስ ብለው።

ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

ታኅሣሥ 12

ጉኑኖ። የአንድ ወር ደመወዝ ተቀጣሁ። ከሪፖርት ክፍል ተነስቼ ወደዚህ ተዛወርኩ። አለቃዬ ፀዳለ ናት። ዛሬ የሞላሁትን ገጽ ስህተቱን በእርሳስ ከባ መለሰችልኝ። ሦስት ቦታ።

ሠላሳ ስምንት ሴቶች መታወቂያ አወጡ። ለቀሩት ሃያ ሁለቱ ከአዲስ አበባ መልስ መጣ፦ የቡድናቸው ቁጥርና የራሳቸው ተራ ቁጥር ይጻፍላቸው። ለፎርሙ ግን አዲስ ዐምድ አይጨመርም፤ ነገሩ በግርጌ ማስታወሻ ይገለጽ። ሃያ ሁለት ሰው በግርጌ ማስታወሻ ተወለደ። እገዳው ተነሳ።

አሳየሽ ወደ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ብሯ ወርዳለች። ጠዋት ገበያ ላይ አግኝታኝ፣ «ሀብታም ነበርኩ፣ አንተ አደኸየኸኝ» አለች። በዚህኛው ራሷም ሳቀች።

ማረሚያ፦ በዚህ ደብተር የኅዳር 11 ገጽ ላይ፣ «ጉኑኖ ነው የተሞላው» የሚለውን የአዘጋጁን ንግግር በሚመለከት፣ «ውሸት አይደለም» ተብሎ ተጽፏል። ስህተቱ የመዝጋቢዋ ሳይሆን የአዘጋጁ ነው። «ውሸት ነው» ተብሎ ይታረም።