በስሜ የተጻፈው ቤት የእኔ ስላለመሆኑ

ቀን፦ ጥቅምት 12

ለኪራይ ቤቶች ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ቤት እንዲለቁ የታዘዙት አሮጊት የቤቱ ባለመብት መሆናቸውንና ሕገ ወጡ ነዋሪ እኔ መሆኔን ስለማሳወቅ

ለተከበሩ ኃላፊ፣

እኔ አመልካች በሙያዬ ቧንቧ ሠራተኛ ስሆን፣ በሰፈሩ «መፍቻ» እየተባልኩ እጠራለሁ። ከፀጉር ቤቱ በላይ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ከደረጃው በስተግራ ላለው ባለ አንድ ክፍል ቤት ከጽሕፈት ቤትዎ ጋር የኪራይ ውል ፈርሜያለሁ። በዚህ ሳምንት በደረሰኝ ማስጠንቀቂያ፣ በቤቴ ውስጥ «ያለ ውል በሕገ ወጥ መንገድ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት» ስላሉ በአሥር ቀን ውስጥ እንዳስወጣቸው፣ ካላስወጣሁ እሳቸው በኃይል እንደሚወጡና የእኔም ውል እንደሚሰረዝ ተገልጾልኛል። በዚያ ቤት ውስጥ ሕገ ወጥ ሰው አለ መባሉ ትክክል ነው። ስሕተቱ ሰውየው ላይ ነው። ሕገ ወጡ እኔ ነኝ። ነገሩን እንደሚከተለው አቀርባለሁ፤ አንዳንዱ ለመዝገብ የማይሆን ቢመስልዎትም ይታገሡኝ።

1. ቤቱ የእትዬ ኪሮሽ ነው። ይህን ስም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፤ ኪሮሽ ከእጃቸው ተለይቶ ስለማያውቅ። በዚያ ቤት ውስጥ ያልለበሰ ነገር የለም፤ ቴሌቪዥኑ ልብስ አለው፣ ሬዲዮው ልብስ አለው፣ የጋዙ ሲሊንደር ሳይቀር ቀሚስ አለው። ከባለቤታቸው ጋር ወጣት ሳሉ ገብተው፣ ሴት ልጃቸውን እዚያው አሳድገው ድረዋል። ውሉ በባለቤታቸው ስም ነበር። ባለቤታቸው ሲያርፉ ማንም ስሙን አዛውሩ ስላላላቸው በሟች ስም ኪራይ ሲከፍሉ ኖረዋል። ገንዘብ ተቀባዩም አንድ ቀን እንኳ «ለመሆኑ እኚህ ሰውዬ ደህና ናቸው?» ብሎ አልጠየቃቸውም።

2. እኔ ወደዚያ ቤት የገባሁት ከዕቃ ማጠቢያው ሥር የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ልጠግን ነው። ያን ጊዜ የማድረው እዚያው የምሠራበት መጋዘን ውስጥ፣ መስኮት በሌለበት፣ በቧንቧ ቁርጥራጭ መካከል ነበር። እትዬ ይህን ሰምተው ከንፈራቸውን መጠጡ። ቆየት ብሎ ልጃቸው ዓይናቸውን ለማሳከም ወዳለችበት ከተማ ስትወስዳቸው፣ ትርፉን መክፈቻ በእጄ አስጨብጠው «ቤቱን አደራ። አበቦቼን አጠጣልኝ። አንተም ከዚያ ጉድጓድ ውጣና እንደ ሰው እደር» አሉኝ። አደራ ያሉኝ እኔን ነው። ሌላ ሰው አልነበረም።

3. አንደኛው ዓይን ተሠርቶ እስኪድን፣ ሌላኛው ተራው እስኪደርስ ቆይታቸው ረዘመ። በዚህ መካከል የጽሕፈት ቤትዎ አጣሪዎች መጡ። «ማን ነው እዚህ የሚኖረው?» ሲሉኝ «እኔ ነኝ» አልኩ። ሰው ያልተገኘበት ቤት እንደሚታሸግ ስለማውቅ፣ ቤቱን ላተርፍላቸው ብዬ ነው። እስከዚህ ድረስ ኅሊናዬ ደህና ነበር። ቀጥለው በውሉ ላይ ያለው ተከራይ የት እንዳለ ጠየቁኝ፤ ማረፉን ተናገርኩ፤ ይህም እውነት ነው። «ሌላ ቤተሰብ የለም?» አሉ። እዚህ ላይ አፌን ልከፍት ስል ዓይኔ መስኮቱ ላይ አረፈ። የጠዋት ፀሐይ ገብቶበት ነበር። ዝም አልኩ። ዝምታዬን ጻፉት።

ፀጉር አስተካካዩና ባለሱቋ ምስክር ሆነው ቀረቡ። እነሱም የእትዬ ቤት እንዳይታሸግ ብለው «እሱማ ዓመታት ኖሮበታል» አሉ። አጣሪዎቹ እንደሄዱ ባለሱቋ «ኋላ ታስተካክለዋለህ አይደል?» አለችኝ። «ምን ጥያቄ አለው» አልኳት።

4. ውሉ በስሜ ተዘጋጅቶ ስጠራ አስተካክላለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት። ተሰለፍኩ፤ ተራዬም ደረሰ። ያዘጋጀሁትን ንግግር ዋጥኩና ግድግዳ መቀባት ይፈቀድ እንደሆነ ጠየቅሁ። ተፈቀደልኝ፤ ፈረምኩ። ግድግዳውን ቀባሁ። የእትዬን ባለቤት ፎቶ ቀለም እንዳይነካው ብዬ አወረድኩት፤ ቀለሙ ደርቆም መልሼ አልሰቀልኩትም። ዓይኔን በጨው አጥቤ በሰው አልጋ ላይ ጋደም እያልኩ «ቤቴ» ማለት ተለማመድኩ። አበቦቹን ግን ሳላስተጓጉል አጠጥቻለሁ። ይህን ለምን እንደምጽፈው እኔም አላውቅም።

5. የበሩንም ቁልፍ ቀየርኩ። ተበላሽቶ አልነበረም። ምክንያቱን ሌላው ቢጠፋው እኔ አውቀዋለሁ፤ ሁለተኛው መክፈቻ በእትዬ ቦርሳ ውስጥ ነበር።

አንድ ረፋድ ላይ ፊቴን እየታጠብኩ ሳለ በሩ ሲነካካ ሰማሁ። መክፈቻ ይገባል፣ አይዞርም፤ ይወጣል፣ እንደገና ይገባል። በእጄ ፎጣ ይዤ ከበሩ ጀርባ ቆምኩ። ማን እንደሆነ ገብቶኛል። በደረጃው የሚወርድ ሰው ሰላም ሲላቸው ሰማሁ፤ እሳቸውም «አይ፣ ዓይኔ ነው። ቀዳዳውን እየሳትኩት ነው» አሉት። ያን ጊዜ ከፈትኩ። ጥቁር መነጽር አድርገዋል። አገላብጠው ሳሙኝና «ደክሞኛል ልጄ፣ ሐኪሞቹ ድኗል ብለውኝ ነበር፣ ለካ አልዳነም» አሉኝ። የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፣ በዚህች ሰዓት አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃኝ ነበር። እኔ ግን «አይዞዎት፣ ቀስ በቀስ ይስተካከላል» አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ብቻቸውን ከቤት አይወጡም፤ ወጥቼ መግባት ያቅተኛል ብለው። መክፈቻውን ሌላም ቀን ሞክረውት እምቢ ሲላቸው ወደ ቦርሳቸው መለሱት። ኪሮሻቸውን ጠቅልለው መሳቢያ ውስጥ አስቀመጡ። ዓይን ያልያዘውን እጅ አይሠራውም አሉ። ልጃቸው ስትደውል «እንደ ንስር ነው የማየው» ይሏታል፤ ለሕክምናቸው የደከመችው ድካም ከንቱ ቀረ ብላ እንዳታዝን። ስልኩን ዘግተው ሲቀመጡ አንጀቴን ይበሉኛል። እኔ አልጋውን ለቅቄላቸው መሬት ላይ አነጥፋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ እንግዳቸውን መሬት ስላስተኙ ይቅርታ ይጠይቁኛል።

6. ተቆጣጣሪዎች የመጡት እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ነው። «የተከራዩ ምን ነዎት?» ብለው ቢጠይቋቸው እትዬ ስቀው «ተከራይዋማ እኔ ነኝ» እንዳሏቸው ራሳቸው ነገሩኝ። በማስጠንቀቂያው ላይ «ራሳቸውን ተከራይ አስመስለው የሚያቀርቡ» የተባለው ይኸው ነው። ወረቀቱ በር ላይ ተለጥፎ ነበር። እትዬ ልጠውት ጠበቁኝና «ዓይኔን አላምነውም፣ እስቲ አንብብልኝ» አሉ። በልቤ አነበብኩት። ከዚያ ውሃ ሊቋረጥ ነው ይላል አልኳቸው።

ቧንቧ ሠራተኛ ስለ ውሃ ሲናገር ማን ይጠራጠራል? እትዬ ባልዲውን ሞሉ፣ ሳፋውን ሞሉ፣ ድስቶቹን ሞሉ፣ ፔርሙስ አልቀራቸውም። በመስኮት ለጎረቤት ተጣሩ፤ ፎቁ በሙሉ ውሃ አጠራቀመ። አሁን ፀጉር አስተካካዩ ባየኝ ቁጥር «መፍቻ፣ ውሃው መቼ ነው የሚጠፋው?» ይለኛል። እኔም ማለዳ ማለዳ በባልዲዎቹ መካከል እየተሽለኮለክሁ ወደ ሥራ እሄዳለሁ። ሰው የገዛ ውሸቱን እንዲህ በየዕቃው ተሞልቶ ሲያየው ምን እንደሚሰማው ለመጻፍ ቃል አጣለሁ፤ አፍሬያለሁ ብል ይበቃል።

ስለዚህ ጽሕፈት ቤትዎን በትሕትና የምጠይቀው፦

ሀ. በስሜ የተሰጠው ውል የተገኘው በዝምታዬ ስለሆነ እንዲሰረዝ፤

ለ. በእትዬ ኪሮሽ ላይ የወጣው የማስለቀቂያ ትእዛዝ ቀኑ ሳይደርስ እንዲነሣና የባለቤታቸው ውል ወደ እሳቸው ስም እንዲዛወር፤ የጋብቻቸውን ማስረጃ ባለሱቋ አግዛቸው ያቀርባሉ፤

ሐ. ፀጉር አስተካካዩና ባለሱቋ በምስክርነታቸው እንዳይጠየቁ። እነሱ ጎረቤት ሊያድኑ ነው የተናገሩት። የተናገሩትን ለራሴ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ሕጉ ቅጣት ካለው ተቀባዩም እኔ ነኝ።

ይህን ካረቀቅሁ በኋላ ሳያውቁት ላስገባው አልቻልኩም። ዛሬ ጠዋት አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ እኔ በባልዲዎቹ መካከል ቆሜ፣ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። ይጮኹብኛል፣ ያለቅሳሉ ብዬ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰሙና ተራ ቁጥር አምስትን ድገምልኝ አሉ። ደገምኩት። «የበሩንም ቁልፍ ቀየርኩ» ከሚለው ላይ አስቆሙኝ።

«እንግዲያውስ ዓይኔ ደህና ነው» አሉ።

ለእኔ የተናገሩት ይህን ብቻ ነው። መነጽራቸውን አወለቁ። ተነሥተው ከመሳቢያው ኪሮሻቸውን አውጥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉና ቆመው አዩት። ከዚያ ስልኩን አንሥተው ልጃቸው ጋ ሲደውሉ፣ እኔ የሚሉትን ለመስማት ፊት አልነበረኝም፤ መሣሪያዬን ይዤ ወደ በሩ ሄድኩ። አዲሱን ቁልፍ ፈትቼ፣ ጠቅልዬ ያስቀመጥኩትን አሮጌውን መልሼ ገጠምኩ። ፎቶውንም ሚስማሩ ላይ መለስኩ። ልብሴን በፌስታል አድርጌ ስወጣ በሩን ከኋላዬ ዘጉት። በገዛ መክፈቻቸው ቆለፉት፣ ከፈቱት፣ እንደገና ቆለፉት። ደረጃው ላይ ሆኜ ሰማኋቸው። ይህን የመጨረሻ አንቀጽ የምጽፈው እዚያው ተቀምጬ ነው፤ ያጠራቀሙትን ውሃ ሲደፉ ድምፁ በበሩ ሥር በኩል ይሰማኛል።

ውሳኔዎን እየተጠባበቅሁ አንድ ነገር ልለምን። ለእኔ የሚጻፍ ካለ በመጋዘኑ አድራሻ ይላክልኝ። ለእትዬ የሚጻፈው ግን በእኔ በኩል አይሁን፤ በእጃቸው ይሰጣቸው። ራሳቸው ያነቡታል።

ከአክብሮት ሰላምታና ከይቅርታ ጋር

(ፊርማ)
አመልካች፣ ቧንቧ ሠራተኛው

አባሪ፦
የኪራይ ውሉ ዋና ቅጂ
የማስጠንቀቂያው ወረቀት
ከበሩ ላይ የተፈታው አዲሱ ቁልፍ ከነመክፈቻዎቹ