የወንድሜን ጥርስ ስለበሉት ፊልሞችዎ

ለተከበሩት፣ ለተሸለሙት፣ ስማቸው ሲጠራ አዳራሽ ሙሉ ሰው ከወንበሩ ለሚነሣላቸው የፊልም ዳይሬክተር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ጥርስዎስ ሁሉም በየቦታው አለ? እንዲኖር ምኞቴ ነው። እኔ በፊልሞችዎ ውስጥ ሁልጊዜ የሚደበደበው ሰውዬ ታናሽ ወንድም ነኝ። መልኩን ላያስታውሱት ይችላሉ፤ ከፊልም ፊልም ስለሚለዋወጥ አልፈርድብዎትም።

ስለ መጀመሪያው ፊልምዎ ክፉ ቃል አይወጣኝም። አባትየው ልጁን እየጎተተ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ እኛ የምናየው የተዘጋውን በር ብቻ ነው። ቀበቶው ጧ ባለ ቁጥር አዳራሹ በሙሉ ትከሻውን ሰበሰበ። ማንም ሳይነካ እርስዎ ተሸለሙ። ቅሬታዬ ከዚያ ወዲህ ባሉት ላይ ነው፦

፩ኛ. በሁለተኛው ፊልምዎ «ካሜራ ውሸት አይወድም፣ የምር ምታው!» የሚል ሕግ አወጡ፤ የወንድሜ የፊት ጥርሶችም ከነሥራቸው ወለቁ። ሲኒማ ቤት ከኋላዬ የተቀመጠው ሰውዬ ግን «ደሙ ቀለም ነው ባክህ፣ ያስታውቃል» ብሎ ሳቀ። ስለ ድካምዎ እናመሰግናለን።

፪ኛ. በሦስተኛው ጆሮ ግንዱን በወንበር አስመቱት፤ ወንበሩ አልሰበር ስላለ ተናደው እንደገና አስመቱት። ይኸው ዛሬ እናታችን ከግራ በኩል ስትጠራው አይሰማም። ሥራ ልታዘው ስትል ቶሎ ብሎ ግራውን ስለሚያዞርላት፣ ይህንንም እንደ ውለታ ቆጥረንልዎታል።

፫ኛ. የመጨረሻውን ረስቼዋለሁ። ያየው ሁሉ ረስቶታል። ያልረሳው የወንድሜ ጎድን ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ሰኞ ጠዋት ከፎቅ ደረጃ ሊያስወረውሩት ጠርተውታል፤ ከታች ፍራሽ እንዳይነጠፍም አዘዋል አሉ። አትሂድ ብዬ ብለምነው «የጠራኝ ትልቅ ሰው ነው፤ አንተ ደነዝ ምን ይገባሃል!» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ትምህርት ከእኔ ጋር ብዙ አልቆየም። ቢሆንም አንድ ነገር ገብቶኛል፦ እርስዎ የሰው አጥንት መስበር የጀመሩት የሚያስደነግጥ ሐሳብ ሲያልቅብዎት ነው። ስለዚህ ሌላ ሐሳብ እስኪመጣልዎ ድረስ ወንድሜን እንዲተዉልኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

እጅ እየነሣሁ፣ አፌን ለጥንቃቄ በሁለት እጄ ሸፍኜ፣
የተደብዳቢዎ ታናሽ ወንድም

ሳልረሳው፦ ሰኞ ጠዋት ሆኗል፤ ወንድሜን አይጠብቁት። መኝታ ቤት ቆልፌበት ቁልፉን ኪሴ ከትቻለሁ። በቡጢም በእርግጫም በሩን እየደበደበ፣ ሲወጣ እንደሚገድለኝ ይምላል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ትከሻውን ሰብስቦ ቆሟል። በሩ ተዘግቷል፣ የሚታይ ነገር የለም፣ ማንም አልተጎዳም። ከመጀመሪያው ፊልምዎ ወዲህ እንዲህ ያለ ሥራ አላየሁምና፣ ካሜራዎን ይዘው ብቅ ቢሉ ከእኛ ሊማሩ ይችላሉ።