ገና ስላልተመዘገበው የቁስቋም ቁልቁለት ግጭት

ለተከበሩ የመንገድ ደህንነት ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ዕድሜ፣ ጤናና ያልተሰበረ አጥንት አብዝቶ ይስጥዎ እያልኩ፣ ከቁስቋም በታች ባለው ቁልቁለት የምኖረው እኔ ደቻሳ፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ካለው ጊዜ በስተቀር። በዚያች ግማሽ ሰዓት ልጄ ሃዊ በባጃጅ ወደ ትምህርት ቤት ትወርዳለች።

እንደሚያውቁት መንገዳችን አዲስ አስፋልት ሲለብስ የፍጥነት መቀነሻው ጉብታ ተነሥቶ፣ እነሆ ሳይመለስ ስድስት ወር ሆነው። አጣና የጫኑ መኪኖች ከእንጦጦ እየተንደረደሩ ይወርዳሉ። ቢሮዎ ሦስት ጊዜ ስመላለስ፣ በቦታው የተመዘገበ አደጋ ስለሌለ፣ ሲደርስ ማስረጃ ይዤ እንድመጣ በትህትና ተነገረኝ። አደጋው እስኪደርስ መጠበቅ ስላልቻልኩ፣ እነሆ በስሌት አቀርባለሁ።

ስሌቱ የሃዊ ነው። የፊዚክስ መምህሯ ጃለታ፣ ተማሪዎቹ ከየሰፈራቸው አንድ የኢላስቲክ ግጭት ጥያቄ ራሳቸው አውጥተው እንዲሠሩ አዘዟቸው። ኢላስቲክ ማለት ሁለት ነገሮች ተጋጭተው ሳይጨራመቱ የሚለያዩበት፣ ሞመንተሙም (ክብደት በፍጥነት ሲባዛ የሚገኘው) የእንቅስቃሴ ጉልበቱም ምንም የማይጎድልበት ግጭት ነው። እንዲህ ያለውን ግጭት ለሰፈራችን ተመኝቼ ነበር።

፩. 5,400 ኪሎ የሚመዝን የጭነት መኪና በሰከንድ አሥር ሜትር መጥቶ፣ ተሳፋሪ ለመጫን የቆመ ባለ 600 ኪሎ ባጃጅ ሲገጭ፣ ባጃጁ በሰከንድ አሥራ ስምንት ሜትር ይፈናጠራል። ተሳስታ ይሆናል ብዬ ሁለቴ ሠራሁት። ሞመንተሙም ገጠመ፣ ጉልበቱም ገጠመ፤ እኔን ግን ላብ አጠመቀኝ።

፪. መኪናው ከአሥሩ ሁለቱን ብቻ አጥቶ በስምንት ጉዞውን ይቀጥላል። ከባዱ ብዙም ሳይሰማው መንገዱን የሚቀጥለው በተፈጥሮ ሕግ ነው ማለት ነው። ቢሮዎን እስካሁን በከንቱ አምቼዋለሁና ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፫. ሃዊ መንገዱን ለጥ ያለ ሜዳ፣ ባጃጁንም የማይጨራመት አድርጋ ገምታ ነበር። መምህር ጃለታ በቀይ እስክሪብቶ «ስሌቱ ልክ ነው፤ መንገዱ ግን ቁልቁለት፣ ባጃጁም ቆርቆሮ ነው» ብለው ከአሥር ዘጠኝ ሰጧት። የጎደለችው አንድ ነጥብ የእርስዎ መንገድ ስለሆነች ለእርስዎ ትመዝገብልኝ።

ወረቀቱን ካየሁ ወዲህ፣ በእግርሽ ሂጂ እንዳልላት የእግረኛው መንገድ አሸዋ ተከምሮበታል፤ ቅሪ እንዳልላት ፈተና ደርሶባታል። ስለዚህ በየጠዋቱ በር ላይ ቆሜ የመኪኖቹን ፍሬን አዳምጣለሁ። ሲያፏጭ ነፍሴ ትመለሳለች። የሚያስፈራኝ ሳያፏጭ የሚያልፈው ነው።

እስካሁን አደጋ ላለመመዝገብ ስላደረጉት ከፍተኛ ጥንቃቄ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። መዝገብዎ እንደ ነጣ፣ ወንበርዎም ቁልቁለት ሳያይ ይኑር።

ከጥልቅ አክብሮትና ከማይለቅ ፍርሃት ጋር፣
የሃዊ አባት ደቻሳ፣
ከቁልቁለቱ ግርጌ

ማስታወሻ፦ ስድስት መቶው ኪሎ ከየት መጣ ብለው መሐንዲሶችዎ ቢጠይቁ፣ ሃዊ በጥያቄዋ አናት ላይ እንዲህ ዘርዝራዋለች፦ «ባጃጁ 350፣ ሾፌሩና ሁለት ተሳፋሪዎች 204፣ እኔ 46።»